ተበዳዩ ሳይጋለጥ፦ ስለ ስደተኞች መዘገብና የጋዜጠኛ ኃላፊነት በሮማኒና



ከሮም መሐል ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ከተማዋን ከሚዞረው የቀለበት መንገድ አጠገብ፣ ሮማኒና የሚባል ሰፈር ይገኛል። በሰፈሩ ውስጥ ቀድሞ የቶር ቬርጋታ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ፋኩልቲ የነበረ ትልቅ ሕንፃ አለ። ዩኒቨርሲቲው ከለቀቀው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከኢትዮጵያ፣ ከኤርትራ፣ ከሱዳንና ከሶማሊያ የመጡ ሰዎች ገብተው መኖር ጀመሩ። ሕንፃው «ሰላም ፓላስ» በሚል ስም ይታወቃል። ቃሉ ለአማርኛውም ለትግርኛውም ተናጋሪ የራሱ ነው፤ ለዐረብኛው ተናጋሪም እንግዳ አይሆንበትም።

ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ከሕግ የተሸሸጉ ሰዎች አልነበሩም። የጣሊያን መንግሥት ጉዳያቸውን መርምሮ ጥገኝነት ወይም ሌላ ዓይነት ከለላ የሰጣቸው ናቸው። ይሁን እንጂ የተሰጣቸው ወረቀት እንጂ ቤት አልነበረም። ከመቀበያ ማዕከል የሚወጡበት ቀን ሲደርስ መጠጊያ ያጡት ወደ ሮማኒና አመሩ። ወደ ሌላ የአውሮፓ አገር ተሻግረው ኑሮ እንዳይመሠርቱም የደብሊን ደንብ ተብሎ የሚታወቀው ሥርዓት አሻራቸውን ወደ ሰጡበት አገር ይመልሳቸው ነበር። ሰላም ፓላስ የወንጀል ታሪክ ሳይሆን የቤት እጦትና የፖሊሲ ጉድለት ታሪክ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

ስለዚህ ሕንፃ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተቀርጿል። እ.ኤ.አ. በ2012 የአውሮፓ ምክር ቤት የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽነር ኒልስ ሙዥኒየክስ ጎብኝተውት ባወጡት ሪፖርት ላይ ነዋሪዎቹ ያሉበትን ሁኔታ በብርቱ ነቅፈዋል፤ በዚያን ጊዜ ስምንት መቶ ያህል ሰዎች ይኖሩበት ነበር። በኤፕሪል 2020 ደግሞ የኮሮና ቫይረስ ተጠቂዎች በመገኘታቸው የላትሲዮ ክልል አስተዳደር ሕንፃውን «ቀይ ቀጠና» ብሎ መግቢያና መውጫው እንዲዘጋ አደረገ፤ ወታደሮችም ጥበቃ ላይ ተሰማሩ። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል «ቺታዲኒ ዴል ሞንዶ» የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር በሕንፃው ውስጥ የሕክምና አገልግሎት ይሰጥ ነበር። የሐኪሞቹ ሥራ የየሳምንት ሥራ ነው፤ ካሜራው ግን በአብዛኛው የሚመጣው ቀውስ ሲከሰት ነው።

ከዚህ ልማድ ሁለት ጉዳቶች ይወለዳሉ። አንደኛው ሰውን ከሕንፃው ለይቶ አለማየት ነው። ነርስ የሆነችው፣ ግንበኛ የሆነው፣ ልጅ የሚያሳድገው፣ ማታ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሁሉ ተጠቅልሎ «የሰላም ፓላስ ነዋሪ» ይሆናል። ሁለተኛው የዚህ ተቃራኒ ነው፦ የአንድ ሰው ፊትና ስም ከሚገባው በላይ ወጥቶ፣ ሰውየው ሊመልሰው በማይችለው መንገድ ዓለምን ይዞራል። የመጀመሪያው ክብርን ይነካል፤ ሁለተኛው ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። የዚህ ንግግር ጭብጥ ሁለተኛው ጉዳት ነው። በተለይም ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ሕግ የሚሰጠው መድኃኒት ለስደተኛው የማይሠራ መሆኑን ማሳየት ነው።

የሮም ቻርተር ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2006 በሰሜን ጣሊያን ኤርባ በምትባል ከተማ አንዲት እናት ከሁለት ዓመት ልጇ፣ ከወላጅ እናቷና ከአንዲት ጎረቤት ጋር ተገደለች። የሴትዮዋ ባል የቱኒዚያ ተወላጅ ነበር። ገና ምርመራው ሳይጀመር ብዙ የመገናኛ ብዙኃን ገዳዩ እርሱ እንደሆነ አድርገው ዘገቡ። ሰውየው ግን በዚያን ሰዓት ቱኒዚያ ነበር፤ ሚስቱንና ልጁን ያጣ ሐዘንተኛ ነበር። በኋላ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ የዕድሜ ልክ እስራት የፈረደባቸው ጣሊያናውያን ጎረቤቶች ናቸው።

በዚያን ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን ቃል አቀባይ የነበሩት ላውራ ቦልድሪኒ ለአዘጋጆች የጻፉት ደብዳቤ ክርክር አስነሣ። ከዚያ ክርክርም እ.ኤ.አ. በ2008 «የሮም ቻርተር» የተባለው የሥነ ምግባር ሰነድ ተወለደ። ሰነዱን ያጸደቁት የጣሊያን ጋዜጠኞች ማኅበር፣ ማለትም በ1963 በወጣው 69ኛው ሕግ የተቋቋመው «ኦርዲኔ ዴይ ጆርናሊስቲ»፣ እና የጋዜጠኞች የሙያ ፌዴሬሽን ናቸው። ሰነዱን መንግሥት በጋዜጠኞች ላይ አልጫነውም፤ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ናቸው የተቀበሉት። በ2016 ጋዜጠኞች ሊያከብሯቸው የሚገቡ ግዴታዎች በአንድ ሰነድ ሲጠቃለሉም ቻርተሩ በውስጡ ተካቷል።

ቻርተሩ አራት ነገሮችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው ትክክለኛ የሕግ ቃል መጠቀም ነው፤ ጥገኝነት ጠያቂን፣ ስደተኛን፣ በሰው ንግድ የተጎዳን ሰውና ፈቃድ የሌለውን ስደተኛ በአንድ ቅጽል አለመጠቅለል። ሁለተኛው ያልተጣራ፣ የተቆረጠ ወይም የተዛባ መረጃ አለማሰራጨት ነው። ሦስተኛው ከጋዜጠኛ ጋር ለመነጋገር የፈቀደውን ስደተኛ ማንነትና ምስል መጠበቅ ነው። አራተኛው በጉዳዩ ዕውቀት ያላቸውን ባለሙያዎችና ድርጅቶች ማማከር ነው።

ከአራቱ ሦስተኛው ልዩ ትኩረት ይገባዋል። ቻርተሩ ሰውየው ራሱ «ተናገርኩ፤ አሳዩኝ» ቢል እንኳ የጋዜጠኛው ኃላፊነት አላበቃም ይላል። ምክንያቱን ሲሰጥም ሁለት ነገር ያነሣል። አንደኛው በመጣበት አገር ያለ መንግሥት ወይም የወንጀል ቡድን በእርሱ ወይም በቤተሰቡ ላይ ሊበቀል መቻሉ ነው። ሁለተኛው ከሌላ ባህል የመጣ ሰው የመገናኛ ብዙኃን አሠራር ምን እንደሚያስከትል አስቀድሞ መመዘን ላይችል መቻሉ ነው። ለጎረቤቱ የተናገረ የመሰለው ቃል አሥመራ ወይም ጎንደር እንደሚደርስ፣ ዛሬ የታተመ ፎቶ ከአሥር ዓመት በኋላ በፍለጋ እንደሚገኝ ሁሉም ሰው አያውቅም። ካፍ ከወጣ አፋፍ እንደሚባለው ነው፤ ያወጣው ሰው ተመልሶ ሊይዘው አይችልም።

የበቀል ሥጋት የምናብ ፍርሃት አይደለም። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 2013 በላምፔዱሳ ደሴት አጠገብ በሰጠመችው ጀልባ 368 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። በዚያው ወር በአግሪጄንቶ በተደረገው የመንግሥት የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት ላይ የኤርትራ አምባሳደር መገኘታቸው ተቃውሞ አስነሣ። ከሞት የተረፉት የሸሹት ከዚያው መንግሥት ነበርና። በሕይወት የተረፈን ሰው ስምና ፊት ያለ ጥንቃቄ ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ማስረጃ አያስፈልግም።

ከአውሮፕላን የወረደው ሰው

ቻርተሩ ከወጣ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በጁን 2016፣ አንድ ወጣት ኤርትራዊ ከሱዳን ተላልፎ ወደ ሮም መጣ። እጁ በካቴና ታስሮ በፖሊሶች መካከል ከአውሮፕላን ሲወርድ የሚያሳየውን ቪዲዮ የጣሊያን ባለሥልጣናት ለመገናኛ ብዙኃን ሰጡ። የጣሊያንና የብሪታንያ ባለሥልጣናት ሰውየው «ጄኔራሉ» በመባል የሚታወቀው የሰው አሸጋጋሪዎች አለቃ ነው አሉ። ፊቱም በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ወዲያው ዘመዶቹና የሚያውቁት ሰዎች «ይህ እርሱ አይደለም» ማለት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁለት ገጽ አለው። የተያዘው ሰው ከሦስት ዓመት በላይ ታሰረ። በጁላይ 2019 የፓሌርሞ ፍርድ ቤት ሰውየው ተፈላጊው አለቃ እንዳልሆነና ማንነቱ በስሕተት እንደተወሰደ ወሰነ። ሕገ ወጥ ስደትን በመርዳት በሚል ቀለል ባለ ክስ የአምስት ዓመት ቅጣት ቢወስንበትም፣ የታሰረው ጊዜ ታስቦለት ተለቀቀ። ይህ አንደኛው ገጽ ነው። ሌላው ገጽ ደግሞ ስሕተቱን አደባባይ ያወጡትም ጋዜጠኞች መሆናቸው ነው። «ዘ ጋርዲያን»ን ጨምሮ አንዳንድ የመገናኛ ብዙኃን ቤተሰቡን ፈልገው፣ ምስል ከምስል አነጻጽረው፣ የባለሥልጣናቱን ቃል ተጠራጥረው ለዓመታት ተከታትለዋል።

ከዚህ ጉዳይ የሚወሰደው ትምህርት «ጋዜጠኛ ዝም ይበል» የሚል አይደለም። ፖሊስ የሰጠው ምስል የተጣራ እውነት እንዳልሆነ የሚያስተምር ነው። የያዘው አካል ሰውየውን ሲያሳይ፣ ማንነቱ በዳኛ ፊት እስኪረጋገጥ ፊቱን ሸፍኖ ዜናውን ማውጣት ይቻል ነበር። ዜናው አንዳች አይጎድለውም። የተሳሳተው ሰው ግን ፊቱን ያተርፍ ነበር። የዚያ ሰው ስም በዚህ ንግግር ያልተነሣውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንድ ጊዜ ያለ አግባብ የተነሣ ስም በተነሣ ቁጥር ጉዳቱ ይታደሳል።

በኦገስት 2017 ደግሞ በሮም መሐል ከተማ፣ በፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ፣ ፖሊስ በቪያ ኩርታቶኔ ከሚገኝ ሕንፃ የተፈናቀሉ የኤርትራና የኢትዮጵያ ስደተኞችን በውኃ መድፍ በተነ። ከዚያ ቀን ሁለት ምስሎች ይታወሳሉ። በአንደኛው ቪዲዮ አንድ የፖሊስ ኃላፊ፣ ነገር የሚወረውር ካለ ክንዱ እንዲሰበር ሲናገር ይሰማል። በሌላው ፎቶ አንድ ፖሊስ የምታለቅስን ሴት ፊት በእጁ ይዞ ይታያል። የመጀመሪያው ምስል ባለሥልጣንን ተጠያቂ ያደረገ፣ ያለ ጋዜጠኛ የማይገኝ ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ግን ክርክሩን ስለ ፖሊሱ እጅ ደግነት አደረገው፤ የሴትዮዋ ፊት ከቤት የተባረረችበትን ምክንያት ቀድሞ ዓለምን ዞረ። ሥልጣን ያለውን ማጋለጥና ሥልጣን የሌለውን ማጋለጥ አንድ ዓይነት ሥራ እንዳልሆኑ እነዚህ ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን ሆነው ያሳያሉ።

መድኃኒቱ ለምን አይደርስም?

የጣሊያን ሕግ ለተበደለ ሰው መፍትሔ አላስቀመጠም ማለት አይቻልም። በ1948 የወጣው 47ኛው የፕሬስ ሕግ በ8ኛው አንቀጹ ምስሉ የታተመበት ወይም ክብሩ የተነካበት ሰው እርማት እንዲወጣለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል፤ ዕለታዊ ጋዜጣም ጥያቄው በቀረበለት በሁለት ቀን ውስጥ ማተም አለበት። የ1963ቱ ሕግም ጋዜጠኛ የተሳሳተ ዜናን እንዲያርም ያስገድዳል። ጥፋት ያገኘበትን ጋዜጠኛ የሚቀጣ የሙያ ዲሲፕሊን ምክር ቤትም አለ።

ችግሩ የእርማቱ መብት ባለቤት የተበደለው ሰው ራሱ መሆኑ ነው። እርማት የሚፈልግ ሰው «የተጻፈው ስለ እኔ ነው» ብሎ መቅረብ አለበት። በሮማኒና የምትኖር አንዲት ሴት ያለ ፈቃዷ ፎቷ ወጣ እንበል። እርማት ለመጠየቅ ስሟን፣ አድራሻዋን፣ አንዳንዴም ጠበቃ ያስፈልጋታል። አድራሻዋ ደግሞ በይዞታ ክርክር ውስጥ ያለ ሕንፃ ነው። ስሟን ካወጣች ከሸሸችው አካል ፊት ትቆማለች፤ ካላወጣች ፎቶው እዚያው ይቆያል። ሕጉ በሩን ከፍቷል፤ በሩ ግን የሚያስገባው ያለ ፍርሃት መታየት የሚችለውን ብቻ ነው።

ሁለተኛው ክፍተት ሥነ ምግባሩ የሚይዘው ማንን እንደሆነ ነው። ቻርተሩ የማኅበሩ መዝገብ ላይ የሰፈረውን ጋዜጠኛ ይይዛል። በሮም ፊቱ ተሸፍኖ በጣሊያንኛ የተላለፈ ቃለ ምልልስ፣ ዋናው ቅጂ በማኅበራዊ ሚዲያ ተገኝቶ በአማርኛ ወይም በትግርኛ የዩቲዩብ ቻናል ሲወጣ ፊቱ ሊገለጥ ይችላል። የሥጋቱን ክብደት ካየነው ግን የሚጎዳው በጣሊያንኛው ሳይሆን በአገሩ ቋንቋ የወጣው ነው። አጎቱም፣ የቀበሌው ሹምም፣ ገንዘብ ያበደረው ደላላም የሚያዩት እርሱን ነውና።

ጉዳዩ የሮም ብቻ አይደለም

ኢትዮጵያም ይህን ጥያቄ በቤቷ ታውቀዋለች። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. «እስላማዊ መንግሥት» የተባለው ቡድን በሊቢያ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን የገደለበትን ቪዲዮ ሲያሰራጭ፣ በአዲስ አበባ ቂርቆስ አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች የልጆቻቸውን ሞት ያወቁት ከዚያው ምስል ነበር። እናት የልጇን መርዶ በዘመድ አዝማድ ተከብባ፣ በሽማግሌ አንደበት እንድትሰማ ባህሉ ያዝዛል። መርዶ አነጋገር ሥርዓት ያለው፣ ሰዓት የሚመረጥለት ነገር ነው። የገዳይን ቪዲዮ ቆርጦ የሚያስተላልፍ ሰው ያንን ሥርዓት ያፈርሳል፤ ለገዳዩም የፈለገውን ተመልካች ያስገኝለታል። የሥነ ምግባር መርሕ ከውጭ የመጣ ትምህርት ብቻ አለመሆኑን የመርዶ ባህላችን ራሱ ይመሰክራል።

በሕግ በኩል መሠረቱ አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ26ኛው አንቀጽ የግል ሕይወትን፣ በ29ኛው አንቀጽ የመናገርንና የፕሬስን ነፃነት ያረጋግጣል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 እና የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል። ሆኖም ከስደት የተመለሰች የቤት ሠራተኛ፣ ከመጠለያ ጣቢያ የተቀረጸ ተፈናቃይ ወይም ጥቃት የደረሰባት ልጅ መብቷን ለማስከበር መጀመሪያ ራሷን እንድታጋልጥ የምትገደድ ከሆነ፣ የሮማኒናው ችግር አዲስ አበባም አለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። የስደተኛውን ማንነት መጠበቅ በሚል ስም መንግሥት ጋዜጠኛን ከመጠለያ ጣቢያና ከእስር ቤት ሊያርቅ፣ የግል ሕይወትን ጥበቃ የዝምታ መሣሪያ ሊያደርገው ይችላል። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። በሮማኒና በር ላይ ጋዜጠኛ ባይቆም ኖሮ ስምንት መቶ ሰው በከተማይቱ ጠርዝ መረሳቱን ማን ያውቅ ነበር? ስለዚህ መፍትሔው አዲስ የወንጀል አንቀጽ መሆን የለበትም። ጋዜጠኛን ማሰር የስደተኛዋን ፎቶ አያነሣላትም። የሚያስፈልገው ሙያው ራሱን የሚያርምበትን መንገድ ማስፋትና ተበዳዩ ሳይጋለጥ የሚደርስበትን በር መክፈት ነው።

ምን ይደረግ?

ለሕግ አውጪዎች አማካሪዎችና ለመብት ተሟጋቾች አምስት ነጥቦች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ አቤቱታ በወኪል እንዲቀርብ ይፈቀድ። ዕውቅና ያለው ማኅበር፣ የሕግ ድጋፍ ሰጪ ወይም የጤና አገልግሎት ድርጅት የተበዳዩን ስም ለአቤቱታ ሰሚው ብቻ በምሥጢር አስታውቆ እርማት መጠየቅ ይችል። ከሁሉም በላይ አንገብጋቢው ይህ ነው፤ ሌሎቹ ያለ እርሱ ወረቀት ላይ ይቀራሉ።

ሁለተኛ፣ እርማቱ የምስሉን መነሣት ይጨምር። በጋዜጣ ዘመን እርማት ማለት ሁለተኛ ጽሑፍ ማተም ነበር። ዛሬ የመጀመሪያው ጽሑፍ በድረ ገጽ እንዳለ እየኖረ ከግርጌው እርማት ማከል አይበቃም፤ ፊቱ ይሸፈን፣ ስሙ ይውጣ፣ የዘገባው ፍሬ ነገር ይቆይ።

ሦስተኛ፣ ፈቃድ ሁለት ጊዜ ይጠየቅ። አንድ ጊዜ ከቃለ ምልልሱ በፊት፣ ሌላ ጊዜ ከመታተሙ በፊት፣ ሰውየው በሚገባው ቋንቋ ይጠየቅ። ዘገባው የት እንደሚታይ፣ በአገሩ ያሉ ዘመዶቹ ሊያዩት እንደሚችሉና ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ይነገረው። አስተርጓሚው ማን እንደሆነም ይታሰብበት፤ ስደተኛው የሚፈራው ወገን አባል ሊሆን ይችላል። ዕርዳታ የሚጠብቅ ሰው ዕርዳታ ሰጪው አጠገቡ ቆሞ የሚሰጠው ፈቃድም ነፃ ፈቃድ ተብሎ አይወሰድ።

አራተኛ፣ ፖሊስ የሚያሰራጨው የተያዘ ሰው ምስል ገደብ ይበጅለት። ሕግ አስከባሪው ማንነቱ በፍርድ ቤት ያልተረጋገጠን ሰው ፊት ለመገናኛ ብዙኃን እንዳይሰጥ መከልከል የፕሬስ ነፃነትን አይነካም፤ የሚከለከለው መንግሥት ነውና።

አምስተኛ፣ በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች የሚሠሩ በውጭ አገር ያሉ የመገናኛ ብዙኃን ይህን ኃላፊነት በፈቃዳቸው ይቀበሉ። ሌላው ተቋም የሸፈነውን ፊት አለመግለጥ የመጀመሪያው ግዴታ ይሁን። ለዚህ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም፤ የአዘጋጆች ስምምነት ይበቃል። የሮም ቻርተርም የተጀመረው በዚሁ መንገድ ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ለስደተኛ ደግሞ ስም ከድንበር በላይ ይውላል፤ እርሱ ሊሻገር የማይችለውን ድንበር ስሙና ፊቱ በአንድ ሌሊት ይሻገራሉ። ስለዚህ በሚቀጥሉት ወራት የመገናኛ ብዙኃንንም ሆነ የግል መረጃን የሚመለከት ረቂቅ ወይም መመሪያ ከጠረጴዛችሁ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ይህ አንቀጽ የሚሰጠውን መብት፣ ስሟን መናገር የማትችል ሴት ልትጠቀምበት ትችላለች? መልሱ «አትችልም» ከሆነ አንቀጹ አላለቀም።